ከባለ 42 ኢንቹ የሣር ማጨጃ ትራክተር ወደ ምን ልሸጋገር? (ስድስት ተኩል ኤከር፣ ዳገት ያለበት ግቢ)

ካልፔፐር_ዳገት (ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሌክሳንድሪያ ወጥተን ካልፔፐር ካውንቲ ውስጥ ስድስት ተኩል ኤከር ላይ የተቀመጠ ቤት ከገዛን ሰነባበትን። ጫካውንና ኩሬውን ስቀንስ የማጭደው አራት ተኩል ኤከር ያህል ነው። የቀድሞው ባለቤት ከቤቱ ጋር ጥሎልን የሄደው በአንድ ጊዜ 42 ኢንች ስፋት የሚያጭድ ትራክተር አለ፤ ትልልቆቹ የቤት ዕቃ መደብሮች በር ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው ዓይነት። ብራንዱ ይቆየን።

ሜዳው ላይ ምንም አይለውም። ከቤቱ ጀርባ ወደ ኩሬው የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እሺ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን እስከ ጥግ ብረግጠውም ሽቅብ አልወጣም ብሎ ይንፏቀቃል። አጥፍቼ ሳሳርፈው እንደገና ይበረታል። የሞተሩ ድምፅ አይቀየርም፣ ጭስም የለውም።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ በሳምንት ሁለቴ ካላጨድኩ ሣሩ ይቀድመኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በሙሉ እዚያ ላይ ያልቃል። ያሰብኩት ባለ 60 ኢንች ዚሮ ተርን (በሁለት ዘንግ የሚነዳ፣ በቆመበት የሚዞር ማጨጃ) ነው። በጀቴ እስከ 8 ሺህ ዶላር፤ ባለቤቴ የምታውቀው 6 ሺህ ነው። የ15 ዓመት ልጄም አንዳንዴ ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቴክሳሷ (ከዳላስ ወጣ ብሎ)፦

እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። እኔ ያለኝ ሦስት ኤከር ነው፣ ዝርግ፣ ቤርሙዳ ሣር። ከትራክተር ወደ 54 ኢንች ዚሮ ተርን ከተሻገርኩ ወዲህ ሥራው በግማሽ ቀለለልኝ። ዛፍ ዙሪያ፣ የአበባ መደብ ዙሪያ፣ ፖስታ ሣጥኑ ዙሪያ በቆምክበት ትዞራለህ። ወደ ኋላ መሄድ፣ መመለስ፣ ያመለጠችውን ጭራ ሣር ደግሞ ማሳደድ የለም። ሁለቱን ዘንግ እጅህ እስኪለምድ ሣሩን ትቦጫጭቀዋለህ፣ አጥርም ትነካካ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አትፈልግም። ዚሮ ተርን ውሰድ።

ለባለቤትህም እውነተኛውን ቁጥር ንገራት። ደረሰኝ አይደበቅም።

ሣር_ቆራጩ (ሜሪላንድ)፦

በዚህ ሥራ እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንኩ ልናገር። 8 ሺህ ዶላር ይዘህ ከመደብር አዲስ የቤት ዚሮ ተርን ከምትገዛ፣ ያገለገለ የሥራ ማሽን፣ ማለትም ለባለሙያ የተሠራ፣ ፈልግ። ኤግዝማርክ፣ ስካግ፣ ሀስለር፣ ፌሪስ፣ ግሬቭሊ፣ ማንኛውም። ልዩነቱ ቀለሙ አይደለም።

አንደኛ ዴኩን፣ ማለትም ምላጮቹን ከላይ የሸፈነውን ብረት፣ እይ። የቤቱ ማሽን ዴክ ብዙ ጊዜ ከአንድ ስስ ላሜራ በፕሬስ ተጨፍልቆ የወጣ ነው። የሥራው ከወፍራም ላሜራ ተቆርጦ የተበየደ ነው። ሻጩ ጌጅ ሲልህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል፤ 10 ጌጅ 3.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 7 ጌጅ 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። የዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ስትመታ ትርጉሙ ይገባሃል። ሁለተኛ ሞተሩ። ካዋሳኪ ተብሎ ብቻ አይለፍ፤ ኤፍአር የሚለው ለቤት የተሠራው ነው፣ ኤፍኤክስ የሚለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ። ሁለቱም ላይ ካዋሳኪ ተብሎ በትልቁ ስለሚጻፍ ሰው ይሸወዳል።

አሁን አንድ ጥያቄ፦ ሣሩን ስንት ኢንች ላይ ነው የምትቆርጠው?

ካልፔፐር_ዳገት፦

2 ኢንች ላይ። ዝቅ ካለ ቶሎ አያድግም ብዬ ነው።

ሣር_ቆራጩ፦

ተገላቢጦሽ ነው። የእናንተ አካባቢ ሣር አብዛኛው ቶል ፌስኪው ነው፣ እሱ የሚወደው ከ3 እስከ 4 ኢንች ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጥ። 4 ኢንች ላይ ካስቀመጥከው 6 ኢንች እስኪደርስ ጊዜ አለህ፤ 2 ኢንች ላይ ግን 3 ሲደርስ መውጣት አለብህ ማለት ነው። ዋናው ጉዳት ሐምሌ ላይ ነው የሚታየው፤ ዝቅ ብሎ የተላጨ ፌስኪው በሙቀቱ ይቃጠልና ቦታውን አረም ይወርሰዋል። ማሽን ሳትቀይር ዛሬውኑ ዴኩን ከፍ አድርግ፣ በሳምንት ሁለቴ መውጣቱ ይቀርልሃል።

ፀጉረ_ልውጥ፦

አራት በግ ግዛ። ቤንዚን አይፈልጉም፣ ለፋሲካም ይደርሳሉ።

ካምቢዮ (ፔንስልቬንያ)፦

ሰላም። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ፣ እዚህ ደግሞ የእርሻና የሣር መሣሪያ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ መካኒክ ነኝ። እስካሁን ሁሉም ስለ ዴክና ስለ ሞተር ነው ያወራችሁት፤ የጠያቂው ችግር ግን ካምቢዮው ነው። ራሱ ነግሮናል። «ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ሲሞቅ ዳገት አይወጣም፣ ሲያርፍ ይመለሳል» አለ። ይሄ የሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ሙቀት ነው።

እነዚህ ማሽኖች የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም። ውስጡ በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር ፓምፕ አለ፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ሌላኛውን ጎን አሽከርክሮ ጎማውን ይነዳል። ዳገት ላይ ግፊቱ ይጨምራል፣ ዘይቱ ይሞቃል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት በፒስተኖቹ ክፍተት ሾልኮ ያመልጣል፣ ያመለጠው ደግሞ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ፔዳሉ ጥግ ደርሶ ማሽኑ ይቆማል። የመግቢያ ደረጃ ትራክተሮች ላይ የሚገጠመው ካምቢዮ ቀላል ነው፤ ለዝርግ ቦታና ለአጭር ሰዓት የተሠራ። ብዙዎቹ ዘይታቸው ከቦታቸው ሳይነሱ እንዲቀየር ተብለው አልተሠሩም፤ ማፍሰሻ ቡሎን ወይም ፊልትሮ አታገኝባቸውም።

ለመግዛት ከመሮጥህ በፊት ግን አራት ነገር አረጋግጥ፣ ገንዘብ አያስወጡህም። ካምቢዮው አናት ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ማራገቢያ አለች፤ ክንፎቿ ተሰብረው እንደሆነ እይ። ማቀዝቀዣ ክንፎቹ ላይ የደረቀ ሣርና ዘይት ተጋግሮ ከሆነ ጥረገው፣ ሣር የለበሰ ካምቢዮ ይታፈናል። የመንጃ ቺንጋው ጎኑ አብረቅርቆ ወይም ላልቶ ከሆነ ቀይረው። ማሽኑን በእጅ ለመግፋት የሚሳበው ዘንግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መመለሱን አጣራ፤ ግማሽ ላይ ከቆየ እንዲሁ ያደርጋል። ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልተሻለው ውስጡ ተበልቷል። አዲስ ካምቢዮ ማስገጠም የትራክተሩን የአሁን ዋጋ ስለሚጠጋ አልመክርም።

አሁን ወደ ዚሮ ተርኑ። እዚያም ላይ ያው ነው፣ ያውም ሁለት ካምቢዮ አለው፣ ለየጎማው አንድ። በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ሃይድሮ-ጊር የሚባለው ኩባንያ ኢዜድቲ የሚለው ካምቢዮ ነው፤ ፊልትሮ የለውም። ዜድቲ-2800 እና ዜድቲ-3100 ፊልትሮ አላቸው፣ ዘይታቸው ይቀየራል። ዜድቲ-3400 እና ከዚያ በላይ ደግሞ የሥራ ደረጃ ነው። ሻጩን ስለ ፈረስ ጉልበት አትጠይቀው። «ካምቢዮው የትኛው ነው?» በለው። ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

ከሁሉ በፊት ግን ዳገትህ ስንት ዲግሪ ነው?

ካልፔፐር_ዳገት፦

በምን ይለካል?

ካምቢዮ፦

ቀጥ ያለ ጣውላ መሬቱ ላይ አጋድም፣ ስልክህን ላዩ ላይ አስቀምጥና የውሃ ልክ መተግበሪያውን ክፈት። ስልክ ከሌለ፦ ጣውላውን በአየር ላይ በውሃ ልክ አግድም ያዘው፣ በ10 ጫማ ርቀት መሬቱ 32 ኢንች ያህል ከወረደ 15 ዲግሪ ነው። ብዙ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ከ15 ዲግሪ በላይ አትንዱ ይላሉ።

ዚሮ ተርን የፊት ጎማዎቹ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ በነፃ የሚዞሩ ናቸው። አይመሩም፣ ፍሬንም የላቸውም። የሚመራህም የሚያቆምህም የኋላው ጎማ ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ጤዛ ያለበት ሣር ላይ የኋላ ጎማህ ከተንሸራተተ መሪህንም ፍሬንህንም በአንድ ጊዜ አጣህ ማለት ነው። ከታች ደግሞ ኩሬ አለ አልክ። ዚሮ ተርን ከነሹፌሩ ኩሬ ውስጥ ሲገለበጥ ሰው ከሥሩ መውጣት ያቅተዋል። በየዓመቱ የሚሰማ አደጋ ነው፣ ለማስፈራራት አይደለም።

ቴክሳሷ፦

ልክ ነህ፣ የእኔ መሬት ዝርግ ስለሆነ ይሄን አላሰብኩትም። መገልበጫ መከላከያ ቅስት ያለው ቢገዛስ?

ካምቢዮ፦

ቅስቱ መገልበጥን አይከላከልም፣ ስትገለበጥ እንዳትጨፈለቅ ነው። ቅስቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቀበቶ ይታሰራል፤ ዛፍ ሥር ለማለፍ ታጥፎ ከሆነ ደግሞ ቀበቶው አይታሰርም፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ መዝለል አለብህ። ሰው በሁለቱም ይሳሳታል።

ሣር_ቆራጩ፦

ካምቢዮ ትንሽ አጋነነው። እኔ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ ነው የምውለው። ጎማ ጥሩ ከሆነ፣ ሣሩ ከደረቀ፣ ቀስ ካልክ ይሠራል። ከውሃ ዳርና ከገደል አፍ ግን የማሽኑን ስፋት ሁለት እጥፍ መራቅ ግዴታ ነው። ያችን ቀሪ ጠርዝ በእጅ ማጨጃ ወይም በክር መቁረጫ ነው የምጨርሳት።

ስለ ልጁ ማንም አልመለሰለትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ተቀምጠው ለሚነዱት ማሽን 16 ዓመት ይላል፣ እየተገፋ ለሚሄደው 12። እኔ ደግሞ እልሃለሁ፦ 16 ሞልቶትም ቢሆን ሜዳውን ይጨድ፣ ኩሬው ዳር አይሂድ።

የጥንቱ_ገበሬ (ፎኪየር፣ ቨርጂኒያ)፦

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ጎጃም በሬ ጠምጄ አርሻለሁ፣ እዚህ ደግሞ ጎረቤትህ ካውንቲ ነኝ። የምላችሁ ነገር አለ፦ አራት ተኩል ኤከር ለምን ታጭዳለህ? ማን ያየዋል? ከቤቱ ዙሪያ ሁለት ኤከር ውብ አድርገህ ያዝ። ቀሪውን ተወው ይደግ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ድርቆሽ የሚያጭድ ገበሬ ጥራ፣ ራሱ አጭዶ ጠቅልሎ ይወስደዋል። አንተ ቤንዚን አታወጣ፣ ወገብህ አይንቀጠቀጥ። የእርሻ መሬት ተብሎ ከተመዘገበም የቤት ግብሩ ይቀንሳል።

ከቢሾፍቱ፦

ይቅርታ፣ ከአገር ቤት ሆኜ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ይህን ሁሉ ሣር ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ ማለት ነው? እኔ ሦስት የወተት ላም አሉኝ፣ የድርቆሽ ዋጋ በየበጋው እንቅልፍ ይነሳኛል። ጋሼ ያሉት ብቻ ነው የገባኝ።

ካልፔፐር_ዳገት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የግብሩን ነገር ካውንቲው ቢሮ ደውዬ ጠየቅሁ። የቨርጂኒያ ሕግ ለእርሻ ቢያንስ 5 ኤከር ይፈልጋል፣ ቤቱ ያረፈበት ቦታ ደግሞ ከውስጡ አይቆጠርም። ቤቱንና ዙሪያውን ሁለት ኤከር ሣር ሳወጣ የሚቀረኝ አራት ተኩል ነው፣ ያውም ኩሬውን ጨምሮ። አይሞላም።

የጥንቱ_ገበሬ፦

እውነትህን ነው። እኔ ከአሥር ኤከር በላይ ስላለኝ ትንሽ መሬት ያለውን ሰው ረሳሁት። ቢሞላልህም ቸኩለህ አትመዝገብ ነበር የምልህ፤ ቆይተህ አጠቃቀሙን ስትቀይር ያለፉትን አምስት ዓመታት የግብር ልዩነት ከነወለዱ ይጠይቁሃል። ድርቆሹ ግን ያለ ግብሩም ይሠራል። ችግሩ ሁለት ኤከር ብሎ የሚመጣ ገበሬ ማግኘቱ ነው፤ ትራክተሩንና መጠቅለያውን ጎትቶ ለመምጣት አይከፍለውም። አጠገብህ የሚያጭድ ካለ ግን «መንገድህ ላይ ነኝ» ብለህ ለምነው። ካልተገኘ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በትልቅ ትራክተር ጠራርጎ የሚቆርጥልህ ሰው ቅጠር፣ በሰዓት ነው የሚያስከፍሉት።

ቴክሳሷ፦

ጋሼ ያሉት ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ልጨምር፣ ነርስ ነኝና። ረጅም ሣር ማለት መዥገር ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መዥገር ከሚያስተላልፈው «ላይም» ከሚባለው በሽታ ሌላ፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር አለች፤ የነከሰችው ሰው አንዳንዴ ቀይ ሥጋ የማያስበላ አለርጂ ይይዘዋል። የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል። ከበላ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚነሳበት፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ከሥጋው ጋር አያያይዘውም። ነገሩን ከመዥገር ጋር ካገናኙት ተመራማሪዎች መካከል እዚያው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ይገኙበታል። ለእኛ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ክትፎ ሊቀር ነው።

ስለዚህ ይደግ የምትሉትን ከቤቱ አርቁት፣ ልጆች የሚሄዱበትን መንገድ በሰፊው ቁረጡ፣ ሲገቡ ሰውነታቸውን ፈትሹ።

ፀጉረ_ልውጥ፦

ክትፎ የሚከለክል መዥገር?! 4.5 ኤከሩን በሙሉ እጨድ። ካስፈለገ በሳምንት ሦስቴ።

አወያይ፦

ስለ ሣር ኩባንያ የተለጠፈ የንግድ ማስታወቂያ ሰርዣለሁ። ወደ ማሽኑ እንመለስ እባካችሁ።

ካምቢዮ፦

እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ 60 ኢንች፣ 60 ኢንች ስለሚል ሒሳቡን ላሳያችሁ። የዴኩን ስፋት በኢንች በፍጥነቱ በማይል አባዛው፣ ለ99 አካፍለው፤ በሰዓት ስንት ኤከር እንደሆነ ይሰጥሃል። ከዚያ ለመደራረቢያና ለመዞሪያ አንድ አምስተኛውን ቀንስ።

ያለህ ባለ 42 በሰዓት 4 ማይል ሲሄድ፦ 1.7፣ ሲቀነስ 1.36 ኤከር። አራት ተኩል ኤከር ከሦስት ሰዓት ከሩብ በላይ ይወስዳል፣ በየመሃሉ ለማቀዝቀዝ የምታቆመውን ሳይጨምር።

60 ኢንች ዚሮ ተርን በ7 ማይል ቢሄድ በሰዓት 3.4 ኤከር ይሆናል፣ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ትጨርሳለህ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ይሄ ነው። ግን መሬትህ የቆየ ግጦሽ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ጉብታና የፍልፈል ጉድጓድ ያለበት። እዚያ ላይ በ7 ማይል ከሄድክ ኩላሊትህ ቦታውን ይለቃል። 5 ማይል በል፦ 2.4 ኤከር በሰዓት፣ 1 ሰዓት ከ50 ገደማ።

54 ኢንች ዴክ ያለው ጠንካራ ትራክተር ደግሞ በ4.5 ማይል ወደ 2 ኤከር በሰዓት ይሠራል፣ 2 ሰዓት ከሩብ ትንሽ በለጥ ያለ። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጋሼ እንዳሉት የምታጭደውን ብትቀንስ ደግሞ ልዩነቱም አብሮ ይቀንሳል። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብለህ ኩሬ አፋፍ ላይ ዚሮ ተርን ትነዳለህ ወይ ነው ጥያቄው። ግቢህ ዝርግና ዛፍ የበዛበት ቢሆን ኖሮ ከቴክሳሷ ጋር እስማማ ነበር።

ሣር_ቆራጩ፦

ሒሳቡ ልክ ነው፣ ዛፍ ዙሪያ የሚባክነውን ጊዜ ግን አልቆጠርክም። ትራክተር እዚያ ላይ ይሸነፋል።

ካምቢዮ፦

እውነት። ስንት ዛፍ አለ ታዲያ?

ካልፔፐር_ዳገት፦

የሚታጨደው ውስጥ ዛፍ ብዙም የለም፣ ከቤቱ ፊት ጥቂት ዶግዉድ ነው። ጫካው ለብቻው ነው። መሬቱ አዎ፣ የከብት ግጦሽ ነበረ፤ ቀይ ሸክላ አፈር፣ ጉድጓድና ጉብታ።

ዳገቱን ለካሁት። አብዛኛው 10 እና 11 ዲግሪ ነው። ኩሬው አጠገብ ያለችው ቁራጭ 18 ትላለች። ካምቢዮውንም ከፍቼ አየሁት፦ ማራገቢያዋ ሁለት ክንፍ ጎድሏታል፣ ሣሩ ደግሞ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ጠርጌ አዲስ ማራገቢያ ገጠምኩ። ከበፊቱ በእጅጉ ተሽሎታል፣ መጨረሻ ላይ ግን አሁንም ይደክማል።

ካምቢዮ፦

እንግዲያው ጠባሳው ቀርቷል፣ እስከ አሁን የሞቀው ዘይት የበላውን በልቷል። ለሜዳ ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።

18 ዲግሪዋን በምንም በሚቀመጡበት ማሽን አትንካት። ይደግባት፣ ወይም ቁጥቋጦ ትከልባት። የኩሬ ዳር ረጅም ሣር አፈሩንም ይይዝልሃል።

ለቀሪው የምመክርህ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው ትራክተር ነው። ቀላሎቹ ላይ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱ በሙሉ ወደ እሱ ይሄድና ሌላው ዝም ይላል። መቆለፊያውን ስትረግጥ ሁለቱም አብረው ይዞራሉ። ጆን ዲር ኤክስ 500 ተከታታይ ላይ አለ፣ ሁስክቫርናም ቲኤስ ኤክስዲ በሚላቸው ላይ ያደርጋል። ስለ ጆን ዲር አንድ ነገር እወቅ፦ መደብር በር ላይ የምታያቸው ኤስ 100ዎቹ ቴነሲ ውስጥ ግሪንቪል የሚሠሩ ናቸው፣ የኤክስ ተከታታዮቹ ደግሞ ዊስኮንሲን ሆሪኮን። አረንጓዴውና ቢጫው ቀለም አንድ ነው፣ ውስጣቸው ግን ሌላ ሌላ ነው። አዲስ ኤክስ 580 ከ54 ኢንች ዴክ ጋር በጀትህን ጫፍ ድረስ ይወስደዋል፣ ሊያልፈውም ይችላል። ያገለገለ፣ ሰዓት ቆጣሪው ከ300 በታች የሆነ፣ የባለቤትህ 6 ሺህ ውስጥ ይገባልሃል።

ያገለገለ ስታይ እንዲህ አድርግ። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ተጠራጠር፤ ቀዝቃዛውን አንተው አስነሳው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ንዳው። አምስት ደቂቃ ዞሮ የሚገዛ ሰው ነው በኋላ እኔ ጋ የሚመጣው። ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ አቁመህ ሽቅብ አስነሳው። ዴኩን ከሥር እይ፣ ምላጮቹን በእጅህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ (ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካንዴላው ተነቅሎ!)፤ ከተንቀሳቀሱ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ርካሽ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

ከቢሾፍቱ፦

ኤሌክትሪኩስ? እዚህ ቤንዚን ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ቴክሳሷ፦

ጎረቤቴ የኢጎ 42 ኢንች ዚሮ ተርን አለው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ዘይት የለ፣ ቺንጋ የለ። አምራቹ አብረውት በሚመጡት ባትሪዎች እስከ 2 ኤከር ይላል። ለአራት ተኩል ኤከር ዳገት ግን መሃል ላይ ትቆማለህ።

ካልፔፐር_ዳገት፦

ዝም ያልኩት እየፈለግሁ ስለነበር ነው። አንድ ያገለገለ ኤክስ 580 አግኝቼ ገዛሁ፣ 54 ኢንች ዴክ፣ 240 ሰዓት የሠራ፣ ከዎረንተን አንድ ሰውዬ። ቀዝቃዛውን አስነሳሁ፣ ግማሽ ሰዓት ነዳሁ፤ ሰውዬው በረንዳ ላይ ቡናውን ይዞ «ልትገዛው ነው ወይስ ልታጭድልኝ?» አለኝ። አጨድኩለት። በመቆለፊያው 11 ዲግሪዋን ሳይደክመው ወጣ። ዋጋው 6 ሺህ ውስጥ ስለገባ ለባለቤቴ ስለ 8 ሺሁ መንገር አላስፈለገኝም፤ ቴክሳሷ ይቅር በይኝ።

የኩሬዋን ቁራጭ ትቻታለሁ። ሁለት ኤከር ያህሉንም ጋሼ እንዳሉት እንዲያድግ ተውኩት፣ ጎረቤቴ ሲያጭድ ጨምሮ ሊያጭድልኝ ተስማማ። ከቤቱ ጋር የሚያዋስነውን በሰፊው እቆርጠዋለሁ፣ ለመዥገሩ።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ አሁን ስቆርጥ በአንድ በኩል መስመር ይተዋል፣ ደረጃ ደረጃ ይመስላል። ምላጩን አሳልቻለሁ። ምንድነው?

ካምቢዮ፦

እንኳን ደስ ያለህ። ዴኩ አልተስተካከለም። ዝርግ ሲሚንቶ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን አውጣ፣ ካንዴላውን ንቀል። የአራቱንም ጎማ ንፋስ መጽሐፉ በሚለው ልክ ሙላ፤ አንዱ ጎማ ከጎደለ ዴኩን ስታስተካክል ትውላለህ፣ ሲነፋ ደግሞ ሁሉም ይፈርሳል። ከዚያ ምላጮቹን ወደ ጎን አዙረህ የግራና የቀኙን ጫፍ ከመሬት ለካ፤ እኩል መሆን አለባቸው። ቀጥለህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዙራቸው፤ የፊቱ ጫፍ ከኋላው ከስምንት አንድ እስከ ሩብ ኢንች ዝቅ ይበል። ከኋላ ዝቅ ካለ የተቆረጠውን ሣር ደግሞ ይመታዋል፣ ሞተሩም በከንቱ ይደክማል። ማስተካከያ ቡሎኖቹ ዴኩ በተንጠለጠለባቸው ዘንጎች ላይ ናቸው። ወፍራም ጓንት አድርግ፣ ምላጩ አዲስ ተሳለ ብለሃልና።